በማን ኩባያ?

ቤታችን ውስጥ 11 ኩባያ አለ። ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዱ ከሌላው እኩል የሆነ ግን የለም። አንዱን ባንክ ለአዲስ ዓመት የሰጠን ነው። ሁለቱ ከባለቤቴ መሥሪያ ቤት የመጡ ናቸው። አንዱ ጆሮው ተሰብሮ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ሆኗል። አንዱ ደግሞ የለቅሶ ቤት ዕቃ ሲመለስ ተደባልቆ የመጣ ነው፤ ባለቤቱ ይጠይቃል ብለን 6 ዓመት ጠበቅን፣ አልጠየቀም፣ አሁን የእኛ ነው። በትልቁ የተቀዳ ሻይ ትንሹን ሁለት ጊዜ ይሞላል።

ሰው ኩባያውን የሚቆጥረው ወይ ሲጋባ ነው ወይ ሲፋታ። እኔን ያስቆጠረችኝ ግን እህቴ ናት።

እህቴ አትላንታ ከገባች 17 ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ትደውልና መጀመሪያ የእኛን ጤና፣ ቀጥሎ የዘመድ አዝማዱን ጤና፣ ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ ትጠይቃለች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስትደውል ከፊቷ ትሪ የሚያህል መጋገሪያ ነበር። ከእሱ በጎድጓዳ ሳህን እያወጣች ትበላለች። ከሥር ቢጫ ፍሬ፣ ከላይ ቡናማ ፍርፋሪ፣ ከፍርፋሪው ላይ እየቀለጠ የሚወርድ አይስክሬም። የ9 ዓመቷ ልጄ አፍንጫዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ «አክስቴ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለቻት።

«ፒች ክሪስፕ ነው የኔ ቆንጆ። ኮክ በአጃ።»

ኮክ በአጃ! ሁለቱ ተያይዘው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ኮክ ለእኔ ከሰው አጥር ላይ የሚሰረቅ ነገር ነው። አጃ ደግሞ ሐኪም ሲቆጣ የሚጠጣ።

«ጋሼ፣ እናንተ ጋ እኮ አሁን የኮክ ወራት ነው። ለምን አትሠራላትም?»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ! ምን አለው፣ መቁረጥና መነስነስ ነው። ሕፃን ይሠራዋል።»

«ሕፃን ይሠራዋል» የተባለ ነገር ሲያጋጥማችሁ ሕፃን ፈልጋችሁ አሠሩት እንጂ ራሳችሁ አትግቡበት። እኔ ግን ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ነበር፤ ገባሁበት።

ማታውን አሠራሩ በቴሌግራም ደረሰኝ። 8 ኮክ፣ 1 ኩባያ አጃ፣ ሦስት ሩብ ኩባያ ዱቄት፣ ሦስት ሩብ ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ 1 ስቲክ ቅቤ፣ ቀረፋ፣ ቁንጥር ጨው፣ 350 ላይ 40 ደቂቃ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት።

«በየትኛው ኩባያ?» ብዬ ጻፍኩላት።

«በኩባያ ነዋ!»

«የትኛው?»

«ጋሼ፣ ኩባያ ኩባያ ነው።»

እውነቷን ነው። እሷ ባለችበት አገር ኩባያ ዕቃ አይደለም፣ ሕግ ነው። 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ግማሹ፣ ሢሶው፣ ሩቡ ለየብቻው መስፈሪያ ተሠርቶለት እንደ ቁልፍ በቀለበት ተንጠልጥሎ ይሸጣል። ድሮ እነሱም እንደ እኛ ነበሩ፤ ባለሙያዎቻቸው «እንቁላል የሚያህል ቅቤ» እያሉ ነበር የሚያስረዱት። ፋኒ ፋርመር የተባለች የቦስተን የምግብ ትምህርት ቤት ኃላፊ በ1896 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመችና ኩባያው ይሞላ፣ አናቱ በቢላ ይደልደል ብላ ወሰነች። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ከኩባያ አፍ በላይ ጉብ ብሎ የሚቀር ዱቄት የለም።

እኔና ፋኒ የተለያየነው እዚህ ላይ ነው። እኔ ያደግኩት አናቱ ጉብ ያላለ መስፈሪያ እንደ ስድብ በሚቆጠርበት አገር ነው።

እናቴ ገበያ ስትወጣ ጠቧ ከጣሳ ጋር ነበር። የሻጭ ጣሳ ቂጡ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ያለ ነው። ምን አገኘው ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «ወድቆ ነው» ነው። የገበያ ጣሳ ሁሉ ይወድቃል፣ የሚጎዳው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። እናቴ «ሙዪው እንጂ» ትላለች፤ ሻጯ ትሞላለች። «በይ መርቂልኝ» ትላለች፤ ሻጯ «ኧረ እናቴ ከሰርኩ» እያለች አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ምርቃቱ ሂሳቡ ውስጥ የለም። ካልተጨመረ ግን ግብይቱ አላለቀም። ጨርቅ በክንድ ይሸጥ በነበረበት ዘመንም ገዢው ከዘመዶቹ መሀል ክንደ ረጅሙን መርጦ አስከትሎ ይሄድ ነበር ይባላል። ሰውየው ለሌላ ነገር ላይፈለግ ይችላል፤ በገበያ ቀን ግን በጠዋት ይጠራል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ብጽፍላት የምትመልስልኝን ስለማውቅ ዝም አልኩና የባንኩን ኩባያ መረጥኩ። ባንክ በልክ ይሰጣል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኮክ ልገዛ ወጣሁ። የምትሸጠዋ ሴት ታክሲ መያዣው አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ክረምት ሲገባ ከች ትላለች፣ ኮኩ ሲያልቅ ትጠፋለች። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን ለኮኩ ትይዝለትና እሷ ትበሰብሳለች። እኔም እንደማንኛውም አዋቂ ነኝ ባይ ጎንበስ ብዬ አንዱን በአውራ ጣቴ ጫን፣ ሌላውን ጫን።

«አባባ፣ አይጫኑብኝ እንጂ! እርስዎ ተጭነው ይሄዳሉ፣ ማታ እኔ ላይ ይጠቁራል።»

አባባ? ባለፈው ክረምት እኮ «ጋሼ» ነበርኩ። ኮኩ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል፣ ሰውም በአንድ ክረምት ያረጃል፤ እጄን ሰበሰብኩ።

«8 ፍሬ ስጪኝ።»

ሳቀች። «በፍሬ ነው እንዴ የሚገዙት? ለበሽተኛ ነው?»

ያኔ ነው ኮኮቹን ልብ ብዬ ያየኋቸው። የእህቴ ኮክ የቦክሰኛ ቡጢ ያህላል፤ የእኛው የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ቢያክል ነው። ትናንት «በማን ኩባያ» ያልኩ ሰውዬ ዛሬ «በማን ኮክ» ልል ሆነ። የእነሱ አንዱ 150 ግራም ቢመዝን 8ቱ 1 ኪሎ ከ200 ይሆናሉ ብዬ ደመርኩ፤ ድንጋዩ የሚወስደውን ገምቼ አንድ ኪሎ ተኩል አስመዘንኩ። ሂሳብ ስከፍል 3 ጣል አደረገችበት። «ምርቃት ነው አባባ።» ፋኒ ፋርመር አላየችም።

ስለ ዋጋው አልናገርም። እህቴ ወደ ዶላር ትመነዝረውና «በነጻ ነው እኮ!» ትለኛለች።

እሷ የምትኖርበት ጆርጂያ «የኮክ ግዛት» ይባላል፤ የመኪና ሰሌዳቸው ላይ ሳይቀር ኮክ ተስሏል። አትላንታ ውስጥ ፒችትሪ፣ የኮክ ዛፍ እንደማለት፣ የሚባሉት መንገዶች በደርዘን ይቆጠራሉ። ፒችትሪ ስትሪት አለ፣ ፒችትሪ ሮድ አለ፣ ዌስት ፒችትሪ አለ፣ ፒችትሪ ሰርክል አለ። እህቴ በሄደች ሰሞን ሥራ ልትጠየቅ ወጥታ የተሳሳተ ፒችትሪ ላይ አንድ ሰዓት ቆማ ኖሮ «ሁሉም ኮክ ዛፍ ነው ይሉኛል፣ አንድ ኮክ ግን የለም» ብላ ደውላ ያለቀሰችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ደግሞ በምርቱ ካሊፎርኒያ ትበልጣቸዋለች፤ ጎረቤታቸው ደቡብ ካሮላይናም አብዛኛውን ጊዜ ትበልጣቸዋለች። ስሙን ግን ጆርጂያ ይዛዋለች። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም፤ በየሠርጉ ወጡን የሚሠሩት ሌሎች፣ «ባለሙያ» የሚባሉት ሌላ ናቸው።

ስሙ ራሱ ቢሆን የጎረቤት ነገር ነው። ዛፉ የቻይና ሆኖ ሳለ ፈረንጆች በሳይንሱ «ፐርሲካ» ብለው ለፋርስ ሰጡት። ዓረቦች ኾኽ ይሉታል፤ የእኛ «ኮክ» ከእሱ ብዙም አይርቅም።

በ2023 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ላይ በጋ ሳይመጣ ሞቀ፤ ዛፉ ተሸውዶ አበበ፤ በመጋቢት ውርጭ መታውና ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ምርት ጠፋ። ኮክ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። በመቶ የሚቆጠር ሰዓት ብርድ ካልመታው በወጉ አያብብም፤ ካበበ በኋላ ብርድ ከመታው ደግሞ ያልቅለታል። ለዚህ ነው ቆላ ሳይሆን ደጋ የሚወደው። ይህን ለግቢያችን እማማ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እንደ ባል ነዋ» አሉኝ።

እማማ 80ን አልፈዋል። የምኖረው ባደግኩበት ግቢ ነውና እሳቸው ያወቁኝ ቁምጣ ለብሼ ነው። በራቸው ላይ ኮክ ዛፍ ነበራቸው። ዛሬ ተቆርጦ የሚከራይ ሰርቪስ ተሠርቶበታል። የዛፉን ፍሬ እኔና እህቴን ጨምሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በልቶታል፤ በስሎ ያየው ግን የለም። ገና ለውዝ ስታክል ነበር የምናረግፋት። ፀጉሯን በቁምጣችን ላይ እሽት፣ ከዚያ ቀጭ። ጥርስ ታጠርሳለች፣ ሆድ ታማለች፣ ግን የእኛ ናት። ነገ ትበስላለች ብሎ የሚጠብቅ ልጅ ነገ ባዶ ቅርንጫፍ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ሁላችንም ጥሬውን በላን፤ እማማም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሲራገሙን፣ ጳጉሜን ላይ ሲመርቁን ኖሩ።

ወደ ማጀት እንመለስ።

እህቴ የላከችው ቪዲዮ ላይ ሴትዮዋ ኮኩን ዙሪያውን በቢላ ታስምረዋለች፣ በሁለት እጇ ይዛ ጠምዘዝ ታደርገዋለች፣ ጧ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ድንጋዩን በሁለት ጣቷ አንስታ ትጥለዋለች። እኔም አስመርኩ፣ ያዝኩ፣ ጠመዘዝኩ። ጧ ያለው አንጓዬ ነው። ለካስ ኮክ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከድንጋዩ በፈቃዱ የሚላቀቅ፣ ሌላው በፍርድ ቤትም የማይላቀቅ። የደረሰኝ ሁለተኛው ነው። እንደ ሥጋ ከአጥንት ላይ እየገፈፍኩ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ልጣጩ ደግሞ የፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ገብቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢነከር እንደ ካልሲ ይወልቃል ተብሎ ነበር። ለበሰለ ኮክ እውነት ነው። የእኔዎቹ ካልሲያቸውን ይዘው ቀሩ።

ባለሱቁን «አጃ» ብለው «ለሾርባ ነው ለቅንጬ?» አለኝ። አማካሪ አልነበረኝም፤ ቅንጬ የሚለው ደስ አለኝና የተከካውን ወሰድኩ።

ስለ ቅቤው «ስቲክ እንጨት አይደል እንዴ?» ብዬ እህቴን ጠየቅኳት። እነሱ ጋ ቅቤ በወረቀት ተጠቅልሎ እንደ ጠመኔ ረዘም ብሎ ይሸጣል፤ አንዱ 113 ግራም ነው። ቤት ውስጥ የነበረን ቅቤ ባለቤቴ ለበዓል ያነጠረችው ነው። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹ፣ ሁሉም አለበት። ቅቤ ቅቤ ነው አልኩ፣ እህቴ ኩባያ ኩባያ ነው እንዳለችው። 113 ግራም ገምቼ ጨለፍኩ።

ቀረ እሳቱ። የኦቨናችንን መዘውር አዞርኩት፣ አዞርኩት፣ 250 ላይ ቆመ። 350 የሚባል የለውም። በርካሽ የተገዛ ዕቃ ነውና 100 ዲግሪ ጎድሎበት መጥቷል ብዬ አዘንኩ፤ ምን ይደረጋል፣ መጨረሻው ላይ አድርጌ ለጎደለው ማካካሻ 15 ደቂቃ ጨመርኩ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የጎረቤት ልጅ በመስኮት ብቅ ብሎ «ዶሮ አርዳችሁ ነው?» አለን። ከዚያ ጭስ። ሳወጣው ከላይ የመንገድ አስፋልት መስሏል፤ ከሥር ኮኩ አልበሰለም። ቅንጬው ጠጠር ሆኖ ቀርቷል። ባለቤቴ በሹካ ነካ ነካ አድርጋ «የኮክ ጥብስ ነው?» አለች። ልጄ አንድ ጉርሻ ቀመሰችና ጥርሷን ይዛ «አባዬ፣ ይጣፍጣል» አለች። እንዲህ ያለ ውሸት ከየት ተማረች ብዬ አልጠየቅኩም፤ የእናቷ ወጥ ሲያርር እኔ የምለውን ትሰማለች።

«በፋራናይት ነው እኮ ጋሼ!» ብላ እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። 350 ያለችው በእኛ 177 ነው። ዓለም ሁሉ ከሞላ ጎደል በሴልሺየስ ሲለካ እነሱ በፋራናይት ቀርተዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንድ ቁጥር ይዤ ኦቨን ውስጥ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ ግን ተረቱን ወደዚያ ማዶ ልልከው አልደፈርኩም። አጃውም ቢሆን ሌላ ኖሯል። እነሱ የሚነሰንሱት በእንፋሎት ተቀቅሎ በሮለር መሀል የተዳመጠውን፣ እንደ ወረቀት የሳሳውን ነው፤ በ40 ደቂቃ የሚበስለው እሱ ነው። የተከካው ሌሊቱን ቢያድርም አይሰማ።

ደግሜ ኮክ ገዛሁ። ሴትዮዋ አሁን «አባባ» ብላ ከሩቅ ትጠራኛለች። ይኼኛው እንዲለሰልስ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከሙዝ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሙዝ ሲበስል የሚለቀው አየር ኮኩንም ያቻኩለዋል። ጣፋጭነት አይጨምርለትም፣ ግን ገር ያደርገዋል። የጠቀለልኩበት ጋዜጣ እኔ የጻፍኩበት ነበር። 20 ዓመት ስጽፍ አንድ ነገር ሳበስል የመጀመሪያዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ኮኩ ለሰለሰ፤ ቤቱ ሸተተ፤ ልጣጩም በፈላ ውሃ ወለቀ። ደስታዬን ለባለቤቴ ልነግር ስሮጥ ቀን መቁጠሪያውን አሳየችኝ። ነሐሴ 1። ፍልሰታ ገብታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮክ በኢትዮጵያ የሚበስለው ሕፃን ሳይቀር በሚጾመው ጾም ነው። ቅቤ የለም፣ አይስክሬም የለም። እስከ 16 ይቆይ እንዳልል የበሰለ ኮክ 15 ቀን አይጠብቅም፤ የልጅነቴ ትምህርት በሌላ በኩል ዞሮ መጣ። «በዘይት ሥራዋ» አለች ባለቤቴ።

በዘይት ልሠራ ተነሣሁ። ልጄም ጾመኛ ነኝ ብላ እስከ 9 ሰዓት ልትጠብቅ ምላለች። ጠፍጣፋውን አጃ በባንኩ ኩባያ ሰፈርኩ፣ አናቱን በቢላ ደለደልኩ፣ ለፋኒ ነፍስ ይማር አልኩ፣ ኦቨኑን 177 አካባቢ አደረግኩ። መብራት ሄደ።

ሄደ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። የተቆረጠው ኮክ መጥቆር ጀመረ። ትሪዬን ታቅፌ ደጅ ስወጣ እማማ በረንዳቸው ላይ ከሰል እያያያዙ ነው።

«ምንድን ነው የያዝከው አንተ ልጅ?»

«ኮክ ነው እማማ። በአጃ።»

«በምን?»

ለእማማ አጃ ያልጠሩት እንግዳ ነው። ገብስ ተዘርቶ ሳለ መሀሉ ብቅ ይላል፤ ገበሬው ነቅሎ አይጨርሰውም፤ አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ እንጀራውም ጠላውም ውስጥ ይገባል። ሳይንቲስቶች የዚህን የእኛን አጃ ዘር «አቬና አቢሲኒካ» ብለው በአገራችን ስም ሰይመውታል። «በአገር ስም የሚጠራ እህል እኮ ነው» ብላቸው፣ «በአገር ስም የሚጠራው ብዙ ነው» አሉኝ። ደግሞ የናቁት እሳቸው ብቻ አይደሉም። እንግሊዝ አገር የፈረስ ቀለብ ነበረና ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላቱ አጃን ሲፈታ አጃ የሚበሉትን ስኮትላንዶች ሳይጎሽም አላለፈም።

እማማ ትሪዬ ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ። «እህል ሳይታመስ?» አሉ። ክርክር አልነበረም። ምጣዱ ተጣደ። አጃው ቀይ ዳማ እስኪሆን ታመሰ፤ ሽታው ከቆሎ ይልቅ ለብስኩት ቀረብ ይላል። ዘይቱን ጠብ ጠብ አደረጉበት፤ ስኳሩን ከዱቄቱ ጋር ደባልቀው በጣታቸው አሹት። ቀረፋዬን አሽትተው «ይኼ ለሻይ ነው» ብለው መለሱልኝና ከጓዳ ኮረሪማ አምጥተው ሸከሸኩ።

ከዚያ ድፎ የሚደፉበትን ብረት ድስት አወጡ። ከታች የኮባ ቅጠል ነጠፈ፤ ኮኩ ተደለደለ፤ አጃው ተነሰነሰ፤ ክዳኑ ተከደነ። ከሥር ትንሽ ፍም፣ ከክዳኑ ላይ ብዙ ፍም። «ከታች ከበዛ ያርራል፣ ከላይ ካነሰ አይቀላም» አሉኝ። ኋላ እህቴ ስትነግረኝ አሜሪካኖችም ወደ ምዕራብ ሲሰደዱ እግር ያለው ብረት ድስት ይዘው፣ ክዳኑ ላይ ፍም ከምረው ነበር ኮክ የሚጋግሩት። «የሆላንድ ምድጃ» ይሉታል። እማማ ሆላንድን አያውቋትም።

«ስንት ደቂቃ ይቆይ እማማ?»

«ሽታው አጥር ሲሻገር አውጣው።»

እንዴት ይታወቃል ልል ስል ከአጥር ወዲያ «እማማ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?» የሚል ድምፅ መጣ። «አውጣው» አሉኝ።

ክዳኑ ሲነሣ ጭስ የለም፣ አስፋልት የለም። ጫፍ ጫፉ ላይ የኮኩ ውሃ ከስኳሩ ጋር እንደ ማር ወፍሮ ጨጭ ጨጭ ይላል። መሀሉ ላይ አጃው ወርቅማ ሆኖ በጣት ሲነኩት ይሰበራል። የኮባው ሽታ ከሥር ይመጣል። ልጄ ማንኪያ ይዛ ቆማለች። ሩብ ሰዓት ያህል ቀዝቀዝ ካላለ ውሃው አይረጋም ተብያለሁና «ቆይ» አልኳት። እማማ ግን ቀና ብለው አዩኝ፣ «ያኔ አንተ ትጠብቅ ነበር?» አሉና ጨለፉላት። ቅዳሴ ወጥቷል።

ማዕድ ከተነሣ በኋላ ጣፋጭ የሚባል ወግ የለንም። ምግብ ካለቀ ቡና ነው። ስለዚህ ኮክ በአጃ የገባው ቆሎ በሚገባበት ቦታ ነው፤ የቡና ቁርስ ሆነ። አቦሉ ላይ ቀረበ፣ ቶናው ሳይደርስ ድስቱ ተጠረገ። ያ ከአጥር ወዲያ የጠየቀው ድምፅም ባለቤቱን አስከትሎ መጥቶ ነበር።

እሑድ እህቴ ደወለች። ፎቶውን አይታ ኖሯል። «ጋሼ፣ የእኔ እንዲህ አይቀላም! ምን አድርገህበት ነው?»

ስልኩን ይዤ ወደ እማማ በረንዳ ሄድኩ። ሰላምታው ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ያልተጠየቀ ዘመድ አልቀረም። ከዚያ እህቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅታ፣ «በሉ እማማ፣ አጃው ስንት ኩባያ ነው?» አለች።

«ምን ኩባያ አለው የኔ ልጅ። ሦስት እፍኝ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ 17 ዓመት ኩባያ ኩባያ ነው ስትል የኖረችው እህቴ፣ «በማን እፍኝ?» ብላ ጠየቀች።

እማማ ጥያቄው አልገረማቸውም። ሁለት እጃቸውን ገጥመው፣ ከኮረሪማ ጋር የኖረውን መዳፋቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉት። «በዚህ» አሉ። ከስልኩ ማዶ እህቴ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የራሷን ሁለት መዳፍ ገጥማ አነሣች፤ ወደ ስክሪኑ አስጠግታም ከእማማ መዳፍ ጋር ታስተያየው ጀመር።

«የኔ ያንሳል» አለች።

«ታዲያ መርቂበት» አሉ እማማ።